«ከመጥፎ ጓደኛ ራቅ» ካልነው በኋላ



በዚህች ገጽ ላይ ብዙ ጊዜ የምንጽፈው ወጣቱ ከሱስ እንዴት ይጠበቅ በሚለው ጉዳይ ነው። ዛሬ ግን ከዚያ ቀጥሎ ስለሚመጣውና እምብዛም ስለማንነጋገርበት ነገር ልንጽፍ ወደድን። ይኸውም፦ ሱሱን የተወ ሰው፣ ከተወ በኋላ ከማን ጋር ይኑር? የሚል ነው። ጥያቄው ሲሰሙት ቀላል ይመስላል፤ ለእኛም ቀላል መስሎን ነበር። አንድ ወንድማችን ግን ቀላል አለመሆኑን አስተማረን። ታሪኩን የምንጽፈው እርሱ ራሱ ጽሑፉን አንብቦ፣ «ስሜን ብቻ ተዉት፤ የቀረው ይጻፍ» ካለን በኋላ ነው።

ይህ ወንድማችን ጫት መቃም የጀመረው ዩኒቨርሲቲ በገባበት በመጀመሪያው ዓመት ነው። እንደ ብዙዎቹ ሁሉ ምክንያቱ የፈተና ጥናት ነበር። ቀጥሎም ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ መጣ። በቅዳሜ ብቻ የተጀመረው ነገር ረቡዕንና ዓርብን ጨመረ። በሦስተኛው ዓመት ላይ ቤተ ሰቡ የሚልክለት ገንዘብ በወሩ አጋማሽ የሚያልቅበት፣ ሌሊት ዱካክ የሚያስጨንቀው፣ ያለ ቅጠል መጽሐፍ መግለጥ የማይሆንለት ሰው ሆነ። በአንድ የዐቢይ ጾም ወራት ግን ቆረጠና ተነሣ። ለንስሐ አባቱ ነገራቸው፤ እሳቸውም ጠበሉን እየተጠመቀ ሐኪም ዘንድም እንዲሄድ አዘዙት፤ እርሱም ሁለቱንም ፈጸመ። ከዚያም ወደ ሰንበት ትምህርት ቤታችን መጣ።

በደስታ ተቀበልነው። እኅቶች እልል አሉ። በጉባኤ ፊት አቁመን አስመሰከርነው። ቀጥለንም መከርነው። ምክራችን አንዲት ዐረፍተ ነገር ነበረች፤ «ከመጥፎ ጓደኛ ራቅ»። እርሱም ሰማን። የስልክ ቁጥሩን ለወጠ፤ የሚኖርባትን ክፍል ለቅቆ ሌላ ሰፈር ተከራየ፤ በሦስት ዓመት ያፈራቸውን ጓደኞች በአንድ ሳምንት ውስጥ ተወ።

እሑድ እሑድ ከእኛ ጋር ነበር። ከቅዳሴ በኋላ መዝሙር እናጠናለን፤ ትምህርት እንሰማለን፤ ከቀኑ 6 ሰዓት ሲሆን ሁላችንም ወደየቤታችን እንበተናለን። የብዙዎቻችን እናቶች ምሳ አቅርበው ይጠብቁናል። ወንድማችን የሚሄደው ግን ማንም ወደማይጠብቀው ክፍል ነበር። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ምን እንደሚሠራ፣ ከማን ጋር እንደሚበላ የጠየቀው አልነበረም። እኛ ሱሱን ማሸነፉን እንጂ ምሽቱን እንዴት እንደሚያሳልፍ አላሰብንም።

በአራተኛው ወር ታይፎይድ ይዞት ተኛ። ሁለት እሑድ ቀረ። የስም መጥሪያው መዝገባችን ዛሬም ምስክር ነው፤ በስሙ ትይዩ ሁለት ጊዜ «ቀሪ» ብለን ጽፈናል። መዝገቡን የያዝነው እኛ፣ «ቀሪ» የሚለውን ቃል የጻፍነው እኛ፣ ለምን ቀረ ብለን ያልጠየቅነውም እኛው ነን። መታመሙን በሰው በሰው የሰሙት ሁለት የቀድሞ የበርጫ ጓደኞቹ ግን ቤቱን አፈላልገው አገኙት። ደግፈው ጤና ጣቢያ ወሰዱት፤ መድኃኒቱን ገዙለት፤ አንደኛው ሦስት ሌሊት ወለል ላይ አንጥፎ አብሮት አደረ። በዚያ ሁሉ ቀን ከፊቱ ቅጠል አላወጡም።

ሲድን ሊያመሰግናቸው ሄደ። ቀኑ ኀሙስ፣ ጊዜውም ከቀኑ 9 ሰዓት ነበር። እንደ ልማዳቸው ተቀምጠዋል። «ለአንድ አፍታ» ብሎ ተቀመጠ። 12 ሰዓት ሳይሞላ እጁ ወደ ቅጠሉ ሄዷል፤ ማታም ጠጥቷል። ከዚያ በኋላ ለሦስት ሳምንት በእኛ ዘንድ አልታየም።

በዚህ ጊዜ ነቃን! ሦስት ሆነን ልንገሥጸው ቤቱ ሄድን። ተግሣጻችንን በጸጥታ ሰማና እንዲህ አለን፦ «ጓደኞቼን መጥፎ አላችኋቸው፤ እሺ ብዬ ተውኋቸው። ታምሜ ስወድቅ ውኃ ያቀበሉኝ እነርሱ ናቸው። እናንተ ጥሩዎቹ የት ነበራችሁ?» መልስ አልነበረንም። ወጥተን እስከ አስፋልቱ ድረስ አንድ ቃል ሳንነጋገር ሄድን። ይህ ጽሑፍ ያን ቀን ያጣነውን መልስ የምንፈልግበት ነው።

እንግዲህ በመጀመሪያ ለምክራችንም ቢሆን ፍርድ ልንሰጠው ይገባል፤ ምክሩ ሐሰት አልነበረምና። ሱስ በአሳብ ብቻ የሚኖር ነገር አይደለም፤ ሥጋንም ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ1975 በተባበሩት መንግሥታት ቤተ ሙከራ የሠሩ ሊቃውንት ከትኩስ የጫት ቅጠል ካቲኖን የተባለውን አነቃቂ ንጥረ ነገር ለይተው አውጥተዋል። ይህ ንጥረ ነገር ቅጠሉ ሲጠወልግና ሲደርቅ ኃይሉን እያጣ ይሄዳል፤ ጫት በኮባ ተጠቅልሎ በጥድፊያ የሚጓዘውና በትኩስነቱ የሚፈለገው ስለዚህ ነው። አእምሮም ደስታውን ከቅጠሉ ጋር ብቻ አያስተሳስርም፤ ከሰዓቱ፣ ከክፍሉ፣ ከምንጣፉ፣ አጠገቡ ከሚቀመጠው ሰው ሳቅ ጋር ጭምር ያስተሳስራል። ሐራራው ለወራት ተኝቶ ቆይቶ ያንን ክፍልና ያንን ሳቅ ሲያገኝ የሚነሣው በዚህ ምክንያት ነው።

ቦታና ሰው መለወጥ እንደሚጠቅም የሚያስረዳ የታወቀ ጥናትም አለ። በቬትናም ጦርነት ጊዜ ብዙ የአሜሪካ ወታደሮች በሄሮይን ሱስ ተይዘው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1971 ወደ አገራቸው የተመለሱትን ሊ ሮቢንስ የተባሉ ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር ተከታትለው ሲያጠኑ፣ በዚያ ሱስ ተይዘው ከነበሩት መካከል በመጀመሪያው ዓመት ወደ ሱሱ የተመለሱት ጥቂቶች ብቻ ሆነው ተገኙ። ስለዚህ «ራቅ» ማለታችን ትክክል ነበር። ይሁን እንጂ ልብ እንበል፤ እነዚያ ወታደሮች ከአንድ ቦታ መራቅ ብቻ ሳይሆን የተመለሱበትም ቦታ ነበራቸው። እናት፣ ሚስት፣ ሥራ፣ ሰፈር ይጠብቃቸው ነበር። እኛ ወንድማችንን «ከዚያ ውጣ» አልነው እንጂ «ወደዚህ ግባ» ያልነው ቤት አልነበረም።

ለመሆኑ በርጫ ምንድን ነው? ቅጠል ብቻ ከመሰለን ተሳስተናል። ወንድማችን ሲያጫውተን ከገባን ነገር ዋናው ይህ ነው። በርጫ ማለት ምንጣፍ የሚያነጥፍልህ ሰው አለ ማለት ነው። ቡናው ይፈላል፤ ኦቾሎኒው ይቀርባል፤ ከ8 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ድረስ የምትለውን የሚሰማ ጆሮ አለ። አንድ ቀን ከቀረህ ይጠየቃል፤ ሁለት ቀን ከቀረህ ሰው ይላካል። ገንዘብ ባጣህ ቀንም ከሌላው ፊት ቆንጠር ተደርጎ ይሰጥሃል። ይህ ሁሉ መልካም ነገር ከአንድ ክፉ ነገር ጋር ተጠላልፎ አድጓል። እኛ እንክርዳዱን ስንነቅል አብሮ የተነቀለውን ስንዴ አላየንም፤ በባዶው መሬትም ምንም አልዘራንም።

ስለዚህ ለመረዳት የሚከብደው እውነት ይህ ነው፦ ሱስን የሚተው ሰው ጠላቱን ብቻ አይደለም የሚተወው፤ ወዳጆቹንም ነው። ኀዘን ላይ ነው ማለት ይቻላል። ሰው ሲሞትብን ድንኳን ይተከልልናል፤ ዕድርተኛው ይመጣል፤ ጎረቤት አብሮን ያድራል። ወዳጆቹን ሁሉ በአንድ ሳምንት ላጣው ለዚህ ሰው ግን ድንኳን የሚተክልለት የለም፤ እንዲያውም ስላጣቸው «እንኳን ደስ አለህ» እንለዋለን።

ከመካከላችን አንዳንዶች በውይይታችን ላይ ይህን ተቃወሙ። «ብቸኝነት ምን ክፋት አለው? አባቶቻችን ዓለምን ትተው ወደ በረሓ ወጥተው የለምን?» አሉ። ተቃውሞው የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ብሕትውናና ብቸኝነት አንድ አይደሉም። ወደ ገዳም የሚገባ ሰው ወዲያውኑ ለብቻው ዋሻ አይሰጠውም። አስቀድሞ በማኅበር ይኖራል፤ ውኃ ይቀዳል፤ እንጨት ይለቅማል፤ አሳቡን የሚገልጥላቸው አባት አሉት፤ የሚጸልይበትና የሚሠራበት ሰዓት የተወሰነ ነው። ከብዙ ዘመን በኋላ ነው፣ ያውም በፈቃድና በምርቃት፣ ለብቻው የሚወጣው። ባሕታዊ ለብቻው ሲሆን የሚያስቡትና የሚጸልዩለት ወንድሞች እንዳሉት ያውቃል። በተከራያት ክፍል ውስጥ ግድግዳ የሚያይ ወጣት ግን ብቻውን የሆነው መርጦ ሳይሆን ሰው አጥቶ ነው። የመጀመሪያው ሰውን ያሳድጋል፤ ሁለተኛው ሰውን ይበላል።

ሌሎች ደግሞ «ማን አስገደደው? በገዛ እጁ ያመጣው ነው፤ በገዛ እጁ ይወጣው» አሉ። ለዚህ መልስ ሩቅ መሄድ አላስፈለገንም። በየዓመቱ በዐቢይ ጾም አራተኛው ሰንበት መጻጉዕን እናስባለን። 38 ዓመት በአልጋ ላይ የኖረው ያ በሽተኛ መዳን ትፈልጋለህን ተብሎ ሲጠየቅ የተናገረው ስለ በሽታው ጽናት አልነበረም፤ ውኃው ሲናወጥ ወደ መጠመቂያው የሚያወርደው ሰው ማጣቱን ነበር። መድኃኒቱ ከፊቱ ነበር፤ የጎደለው የሚያወርደው ሰው ነው። በዚያ ሁሉ ዓመት ስንቶች በአጠገቡ አልፈው ይሆን? አንዳቸውም አልመቱት፤ አንዳቸውም አላሳመሙት። በደላቸው ማለፋቸው ብቻ ነበር። እኛም ወንድማችንን ያደረግነው ነገር የለም፤ አለፍነው ብቻ።

ይህን ስንል ግን የእርሱን ኃላፊነት ልናነሣለት አይደለም። ያን ኀሙስ ቀን እጁን የዘረጋው እርሱ ነው፤ ራሱም ይህን አይክድም። ኃላፊነት ግን እንደ አንድ እንጀራ አይደለም፤ አንዱ ሲወስደው ለሌላው የሚያንስ አይደለም። እርሱ ስለ እጁ ይጠየቃል፤ እኛም ስለ እግራችን እንጠየቃለን፤ ወደ ቤቱ ስላልሄደው እግራችን።

ታዲያ የጎደለው ሰው ማን ነው? ምን ዓይነትስ ሰው ነው? በዚህ ላይ አንድ እውነተኛ ታሪክ እናንሣ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1935 ቢል ዊልሰን የተባለ የኒው ዮርክ ሰው በኦሃዮ ግዛት በምትገኘው አክሮን ከተማ በአንድ ሆቴል መግቢያ ላይ ቆሞ ነበር። ለብዙ ዓመታት በመጠጥ ከጠፋ በኋላ መጠጥ ካቆመ አምስት ወር ሆኖታል። የመጣበት የንግድ ጉዳይ ከሽፎበታል፤ በከተማዪቱም ወዳጅ የለውም። በአንድ ወገን የመጠጥ ቤቱ ሳቅና ጫጫታ ይሰማዋል፤ በሌላው ወገን ስልክና የከተማዪቱ አብያተ ክርስቲያናት ስም ዝርዝር አለ። ስልኩን አነሣ። አንድ ቄስ አገኘ፤ ከእርሳቸውም ወደ ሌሎች እየተላለፈ ሄንሪየታ ሳይበርሊንግ ከምትባል ሴት ደረሰ። እርሷም በማግሥቱ ከአንድ ሐኪም ጋር አገናኘችው፤ ቦብ ስሚዝ የተባለው ይህ ሐኪም እርሱም በመጠጥ የተጠመደ ነበር። ዶክተሩ ለ15 ደቂቃ ብቻ እቆያለሁ ብሎ መጥቶ ለብዙ ሰዓታት ተቀመጠ። ከዚህ ግንኙነት ነው ዛሬ በብዙ አገሮች የሚገኘው የአልኮል ሱሰኞች መረዳጃ ማኅበር የተጀመረው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለት ነገሮች አስደነቁን። አንደኛው፣ ቢል ስልክ የደወለው ለመመከር ሳይሆን የሚረዳውን ሌላ ሰው ለማግኘት መሆኑ ነው። ከዚያ በፊት ለወራት ብዙ ጠጪዎችን ሊያስተው ሞክሮ አንዱም አልተወለትም፤ ነገር ግን እነርሱን ሲረዳ እርሱ ራሱ ሳይጠጣ መቆየቱን አስተዋለ። ስለዚህ የሚያገግም ሰው የሚፈልገው የሚያዝንለትን ሰው ብቻ አይደለም፤ እርሱም የሚጠቅመውን ሰው ይፈልጋል። እኛ ግን ወንድማችንን ያስቀመጥነው በተረጂ ወንበር ላይ ነበር። ሁለተኛው ነገር ደግሞ፣ ዶክተር ቦብ ከዚያ ግንኙነት በኋላ ወደ አንድ የሐኪሞች ጉባኤ ሄዶ እንደገና ሰክሮ ተመልሷል። ቢል በዚያ ጊዜ በእነ ዶክተር ቦብ ቤት ተቀምጦ ነበር፤ አላባረሩትም፤ እርሱም ትቷቸው አልሄደም። ዶክተሩ ለመጨረሻ ጊዜ የጠጣው ከዚያ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በሰኔ ወር 1935 ነው። መውደቁ የታሪኩ መጨረሻ ያልሆነው በወደቀ ጊዜ ሰው ቤት ውስጥ ስለነበረ ነው።

ወደ ወንድማችን እንመለስ። «ጓደኞቼ ውለታ ውለውልኛል፤ ብተዋቸው ከዳተኛ አልሆንምን?» ብሎ ጠየቀን። ቀድሞ ቢሆን «አይ፣ ክፉዎች ናቸው» ብለን እናልፍ ነበር። አሁን ግን እንዲህ ለማለት አፍ የለንም፤ ታማሚ ጠይቀዋልና፤ በእኛ ፋንታ። ብዙ ከተከራከርን በኋላ የደረስንበት ነገር ይህ ነው፦ ሰውና ሰዓቱን መለየት ያስፈልጋል። ለጓደኞቹ ምስጋናና ፍቅር ባለ ዕዳ ነው፤ በርጫው ላይ የመቀመጥ ዕዳ ግን የለበትም። ምስጋና ራስን በማጥፋት አይከፈልም፤ ከሞት ያስነሣው ወዳጅም መልሶ እንዲሞትለት አይጠይቅም። ስለዚህ ለሁለቱም መልእክት ላከ፦ «ጧት 2 ሰዓት ላይ ቁርስ ልጋብዛችሁ፤ ከቀትር በኋላ ግን አልችልም።» አንደኛው መጣ። ሌላው ተቀይሞ ቀረ። የመጣው ዛሬም ይቅማል፤ ግን በየሁለት ሳምንቱ ጧት ቁርስ አብረው ይበላሉ። የቀረውን በሚመለከት ወንድማችን ያዝናል፤ እኛም ይህ ኀዘን ተገቢ ኀዘን ስለሆነ ልናባብለው አልሞከርንም።

ስለ ሌላም ግንኙነት ዝም ብለን ብናልፍ ሐቀኞች አንሆንም። ወንድማችን በእነዚያ የብቸኝነት ወራት ከአንዲት እኅታችን ጋር ተቀራርቦ ነበር። በቅን ልብ ነው የተጀመረው። እርሷ ብቻ ነበረች በሰኞና በማክሰኞ የምትደውልለት። ነገር ግን ቀስ በቀስ የክፍሉ ጸጥታ ሁሉ፣ የሐራራው ሌሊት ሁሉ በእርሷ ላይ ወደቀ። ፈተና ትታ ልታጽናናው የሮጠችበት ቀን አለ። የወደቀ ጊዜም «ያልበቃሁት እኔ ነኝ» ብላ ራሷን ከሰሰች። ከዚህ ጽሑፍ በፊት ስናነጋግራት፣ «እርሱ ጫቱን ትቶ እኔን ጀመረ፤ እኔ ግን ሰው ነኝ፤ መድኃኒት አይደለሁም» አለችን።

ይህ ቃል ከብዙ ስብከት ይበልጣል። በሱስ ላይ የሚሠሩ ብዙ አማካሪዎች የሚያገግም ሰው በመጀመሪያው ዓመት አዲስ የፍቅር ግንኙነት እንዳይጀምር ይመክራሉ። ምክንያቱ ፍቅር ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ ሰውን እንደ መድኃኒት መውሰድ በሁለቱም ላይ በደል ስለሆነ ነው። የሚያፈቅር ሰው ሌላውን ስለ ራሱ ስለ ሌላው ይፈልገዋል፤ የተጠማ ሰው ግን ውኃውን የሚፈልገው ጥሙን ለመቁረጥ ነው። ጥፋቱ ግን የሁለቱ ብቻ አልነበረም። ሃያ ሰው ሊሸከመው የሚገባውን አንዲት እኅት እንድትሸከም የተውናት እኛ ነን። እያንዳንዳችን በሳምንት አንድ ጊዜ ብንደውል ኖሮ እርሷ እኅት ሆና ብቻ ትኖር ነበር።

አንድ የማይመች ነገርም እንናገር። ወንድማችንን የሚፈትነው በርጫ ብቻ አልነበረም፤ የእኛም ቤት ነበር። በማኅበሩና በዝክሩ ላይ ጠላው ይቀዳል፤ ጠጁ ይዞራል። «አልጠጣም» ሲል «ምነው ናቅኸን? በሞቴ! አንዲት ብቻ!» ይባላል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል መጠጥ ማስታወቂያ በሬድዮና በቴሌቪዥን እንዳይተላለፍ፣ ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላውም እንዳይሸጥ ከልክሏል። «በሞቴ» የሚለውን የቤታችንን ማስታወቂያ ግን የሚከለክል አዋጅ የለም፤ የምንከለክለው እኛው ነን። መጋበዝ ፍቅር ነው፤ እምቢታን አለመቀበል ግን ፍቅር አይደለም። ብርዝና ውኃ ከጠላው ጎን ማቅረብ ምን ያጎድልብናል?

በመሆኑም በዚህ ወር ተሰብስበን ጥቂት ነገሮችን ተስማማን። ትላልቅ አይደሉም። አንደኛ፣ በመዝገባችን ላይ «ቀሪ» የሚል ቃል የጻፈ ሰው ሳምንቱ ሳያልቅ የቀረውን ሰው ቤት ይጠይቃል። ሁለተኛ፣ ከሱስ የተመለሰን ሰው ራሱ ካልጠየቀ በቀር በጉባኤ ፊት አናስመሰክርም፤ ምስክርነቱ ጌጣችን አይደለምና። ሦስተኛ፣ ተረጂ አድርገን አናስቀምጠውም፤ ሥራ እንሰጠዋለን። ወንድማችን አሁን የታናናሾቹን የሒሳብ ጥናት ይመራል። አራተኛ፣ አማካሪዎች የሚያገግም ሰው ረሃብ፣ ቁጣ፣ ብቸኝነትና ድካም ሲሰማው ይበልጥ እንዲጠነቀቅ ስለሚያስተምሩ፣ በጾም ወራት ልዩ ትኩረት እናደርጋለን፤ የጾሙንም ልክ ከንስሐ አባቱ ጋር እንዲመክርበት እናሳስባለን፤ ማዕዱንም ለብቻው እንዳይቆርስ አብረነው እንቀመጣለን። አምስተኛ፣ ብዙ ጠጪ የነበረ ሰው በድንገት ሲያቆም ሕይወቱን እስከማሳጣት የሚያደርስ መንቀጥቀጥና የአእምሮ መታወክ ሊያጋጥመው ስለሚችል፣ «በእምነት ብቻ ተው» ብለን ከሐኪም አናግደውም። ጠበሉና ሐኪሙ እንደማይጣሉ ከወንድማችን ንስሐ አባት ተምረናል።

ስድስተኛው ስለ ሰዓት ነው። ለወንድማችን እጅግ የሚከብደው ጊዜ ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ነው። ስለዚህ በየቅዳሜው ሁለት ሁለት ሆነን በተራ ከእርሱ ጋር እናሳልፋለን። ስብከት የለም፤ ምክር የለም። ቡና ይፈላል፤ ኦቾሎኒም አለ። አንዳንዴ እናጠናለን፤ አንዳንዴ ኳስ እናያለን፤ አንዳንዴም ብዙ አንነጋገርም። መጀመሪያ ላይ የጀመርነው ለእርሱ ብለን ነበር። በሦስተኛው ቅዳሜ ግን ከመካከላችን አንዱ፣ ማንም ሱሰኛ ብሎ የማያውቀው፣ በማደሪያው ውስጥ ለወራት ሰው እንዳላነጋገረ ተናገረ። ያን ጊዜ አፍረንም ደስ ብሎንም አየነው፤ ሰው የጠማው አንድ ወንድም ብቻ አልነበረም።

እኅቶችና ወንድሞች፤ ወንድማችን እንደገና ከተወ እነሆ ሰባተኛ ወሩን ይዟል። ይጸናል ብለን አንምልም፤ እርሱም አይምልም። ምናልባት እንደገና ይወድቅ ይሆናል። ይህ ከሆነ ግን «እናንተ የት ነበራችሁ?» ብሎ እንዳይጠይቀን ወስነናል። «ከመጥፎ ጓደኛ ራቅ» የሚለውን ምክር አልተውነውም፤ እውነት ነውና። ነገር ግን ከአሁን በኋላ ይህን ቃል ለሰው ከመናገራችን በፊት፣ ያ ሰው ርቆ ሲመጣ የሚቀመጥበት ምንጣፍ አንጥፈናልን ብለን ራሳችንን እንጠይቃለን።

የዚህ ሳምንት የቅዳሜ ተረኞች ሁለት ጎድለዋል። የሚችል ስሙን ለጸሓፊው ያስመዝግብ።